አንድ አልጋ፣ ለአዳር፦ ብቻችሁን ክፍለ ሀገር ስትወጡ ሆቴል አመራረጥ

«አልጋ ይኖራል?»

«ይኖራል። ለስንት ሰው ነው?»

«ለአንድ።»

እዚህ ጋ ሁሌም ትንሽ ዝም ይባላል። ስልኩ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው የሆነ ነገር ሊጠይቅ አፉ ላይ ደርሶ ይመልሰዋል። እኔ ለምጄዋለሁ። ቢሮዬ ስታዲየም አካባቢ ነው። ጫጫታውና ቁፋሮው ሲበዛብኝ ከአዲስ አበባ ወጣ ብዬ አንድ ሁለት ሌሊት አድሬ እመለሳለሁ። ብቻዬን። «ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?» ይሉኛል። «ከማንም» ስል «ምነው፣ ምን ሆነሽ?» ይከተላል። ምንም አልሆንኩም።

ድሮ ብቻውን የሚጓዝ ሰው ብርቅ አልነበረም እኮ። የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «ቤት ለእንግዳ» ይላል፣ «ቤት የእግዚአብሔር» ተብሎ ይገባል። ከየት መጣህ፣ ወዴት ነህ የሚለው እግሩን ከታጠበ በኋላ ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል፣ ፒያሳ ያለው ጣይቱ፣ ሲከፈት እንኳ ሰው እንግዳ ሆኖ በልቶ ሂሳብ መክፈሉ ግር ብሎት ነበር ይባላል። አሁን ደጅ የሚከፍትልን ሪሴፕሽን ነው። ቤቱ ደህና መሆኑን የማጣራቱ ሥራ የኛ ሆኗል።

በቡድን ስትሄዱ መጥፎ ሆቴል ጨዋታ ይሆናል። መብራት ሲጠፋ ትስቃላችሁ፣ ውሃ ሲጠፋ አብራችሁ ታማርራላችሁ፣ ያልፋል። ብቻችሁን ስትሆኑ ያው ሆቴል ሌላ ቤት ነው። ስለዚህ የእኔ መለኪያ አንድ ነው፦ ይሄ ቤት ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ምን ይመስላል? የመዋኛ ገንዳው ፎቶ የተነሳው በጠራራ ፀሐይ ነው። እኔ የምተኛው ማታ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህች ጥያቄ ዝርዝር ነው።

1. መጀመሪያ ፀሐይዋን ቁጠሩ

ሆቴሉን ከመምረጣችሁ በፊት ርቀቱን ምረጡ። በኛ አገር ፀሐይ ክረምት ከበጋ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች። ከጠለቀች በኋላ ደግሞ ጨለማው አይዘገይም። የኔ ደንብ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ሆቴሉ በር ላይ መድረስ ነው። ለምን 10? ክፍሉ ካልጣመኝ ሌላ የምፈልግበት የሁለት ሰዓት ብርሃን በእጄ ይኖራል።

ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወሊሶ 115፣ ደብረ ብርሃን 130፣ ሀዋሳ 275 አካባቢ። ግን ከመሀል ከተማ መናኸሪያ መድረስ ራሱ ጉዞ ነው። ለደብረ ብርሃን ላምበረት፣ ለቢሾፍቱና ለአዳማ ቃሊቲ፣ ለወሊሶ አየር ጤና መሄድ አለባችሁ። ሚኒባሱ ደግሞ ሳይሞላ አይነሳም። «ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረው» እየተባለ አንድ ሰዓት ይሄዳል። ከፒያሳ ቀትር ላይ ተነስቶ ሩቅ አገር በብርሃን እደርሳለሁ ማለት ራስን ማታለል ነው። ለሀዋሳና ከዚያ ወዲያ ላለው ሌሊት 11 ሰዓት የሚነሳውን አውቶቡስ ያዙ፣ ወይም ጉዞውን ለሌላ ቀን አድርጉት።

የመጀመሪያችሁ ከሆነ ቢሾፍቱን እመክራለሁ። ሐይቁ ቆንጆ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሆቴሉ ካልሆነላችሁ በዚያው ቀን ቤታችሁ ተመልሳችሁ እራት መብላት ትችላላችሁ። መመለስ እንደሚቻል ማወቅ ብቻውን ግማሽ ፍርሃት ያቀላል።

ቀኑንም እዩ። ከመስቀል ቀጥሎ ኢሬቻ ሲከበር ቢሾፍቱ ባዶ አልጋ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ጥምቀት ሰሞን ጎንደርም እንዲሁ። ጥርና ሚያዝያ የሰርግ ወራት ናቸው፣ አዳራሽ ያለው ሆቴል ሁሉ ቅዳሜና እሁድ ይጨፍራል። ለእኔ የሁዳዴ ጾም ይመቸኛል። ሰርግ የለም፣ ጭፈራው ይቀዘቅዛል፣ በየዓይነቱ ደግሞ የትም ይገኛል።

2. እዚሁ ከተማ ውስጥ ልምምድ አድርጉ

ይህን ሌላ ቦታ አላየሁትም፣ ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው። አንድ ቅዳሜ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በእግር እየሄድኩ መንገድ ላይ ያገኘሁት ሦስት ሆቴልና ፔንሲዮን ውስጥ ገባሁ። የማድርበት ጉዳይ የለኝም፣ ቤቴ እዚሁ ነው። «ክፍል ማየት ይቻላል?» ማለት መልመድ ፈልጌ ነበር።

የመጀመሪያው ቤት ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «ለሰዓት ነው ለአዳር?» አለኝ። ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። ግን በዚያች ደቂቃ ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛ፣ እንዲህ የሚጠይቅ ቤት ሌሊቱን ሙሉ በር የሚንኳኳበት፣ ሰው የሚወጣና የሚገባበት ቤት ነው። ክፍለ ሀገርም ቢሆን ይህን ጥያቄ ከሰማችሁ አመስግናችሁ ውጡ። ሁለተኛ፣ ማፈር አይገድልም። ሦስተኛው ቤት ስደርስ ቁልፉን ተቀብዬ ራሴ ከፍቼ፣ ቧንቧውን አፍስሼ፣ ትራሱን አሽትቼ፣ «አመሰግናለሁ፣ ላስብበት» ብዬ ወጣሁ። ማንም ምንም አላለኝም።

እንደኔ እንደኔ ብቸኛ መንገደኛን ከሌባ በላይ የሚጎዳው ይሉኝታ ነው። ክፍሉ እንዳልሆነ እያወቅን «አሁን ምን ይሉኛል» ብለን እናድርበታለን። ይሉኝታውን በምታውቁት ሰፈር፣ በቀን፣ ያለ ሻንጣ ማራገፉ ይቀላል።

3. የሆቴል ስም ከየት ይገኛል?

ኢንተርኔት ላይ ያለውን ፎቶ እዩት፣ አትመኑት። ፎቶው ሆቴሉ የተመረቀ ሰሞን የተነሳ ሊሆን ይችላል። ከአስተያየቶቹ ውስጥ የቅርቦቹን፣ በተለይ ብቻቸውን ያደሩ ሰዎች የጻፉትን አንብቡ። «ከባለቤቴ ጋር ሄደን ደስ የሚል ጊዜ አሳለፍን» የሚለው እናንተን አይመለከትም።

ኮከብም ያው ነው። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከዓለም ቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆኖ የአዲስ አበባ ሆቴሎችን መዝኖ ኮከብ ሲሰጥ የተለኩት አገልግሎቱና ዕቃው ናቸው። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ኮከብ ከበሩ እስከ ክፍላችሁ ያለው መንገድ ማታ መብራት አለው ወይ የሚለውን አይመልስላችሁም። በዚያ ላይ አንዳንዱ ሆቴል ኮከቡን ራሱ ለራሱ ይሰጣል።

እኔ የማምነው በሥራ ጉዳይ የሚዞር ሰው ነው። የመሥሪያ ቤት ሹፌር፣ ኦዲተር፣ የመድኃኒት ሽያጭ ሠራተኛ፣ ለመስክ ሥራ የሚወጣ መሐንዲስ። እነዚህ ሰዎች በዓመት ስንት ሌሊት ብቻቸውን ያድራሉ፣ የትኛው ቤት ውሃ እንዳለው ያውቃሉ። ቢሯችሁ ያለውን ሹፌር ቡና ጋብዙትና «ጋሼ፣ ልጅዎ ብቻዋን ወሊሶ ብትሄድ የት እንድታድር ይነግሯታል?» በሉት። «ጥሩ ሆቴል የት አለ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሥጋው የሚጥምበትን ነው የሚነግራችሁ። ልጄ ሲባል መልሱ ይለወጣል። የመንገዱንም ነገር እዚያው ጠይቁት፤ መንገድ ሰላም ነው አይደለም የሚለውን ከሹፌር ቀድሞ የሚሰማ የለም።

4. ደውሉ፣ ሁለት ጊዜ

ሦስት ስም ከያዛችሁ በኋላ መደወል ነው። እዚህ ላይ ቆየት ልበል፣ ምክንያቱም የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው።

አንዴ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ አንድ ከተማ፣ ስሙ ይቅር፣ ሆቴል ልይዝ ደውዬ «ጄኔሬተር አላችሁ?» አልኩ። «አለን፣ ችግር የለም።» «ሙቅ ውሃስ?» «አለ፣ ችግር የለም።» ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ማታ 3 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ጠበቅኩ። ዝም። በስልኬ መብራት ደረጃውን ወርጄ ሪሴፕሽን ስደርስ አንድ ልጅ ሶፋ ላይ ተኝቷል። «ጄኔሬተር አለን ብላችሁኝ ነበር» አልኩት። «አለ» አለኝ፣ በእጁ ወደ ጓሮ እያሳየ። «ናፍጣ ነው የሌለው።» ልጁ አልዋሸኝም። እኔ ነኝ አጠያየቅ ያላወቅኩት።

ከዚያ ወዲህ «አለ ወይ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ለ«አለ ወይ» መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነው። «ከስንት ሰዓት እስከ ስንት?» ነው የሚባለው። እንዲህ፦

«ማታ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን ስንት ሰዓት ነው የምታጠፉት?» አንዷ ልጅ ይህን ስጠይቃት «4 ሰዓት፣ እንግዳ ከበዛ እስከ 5» አለችኝ። ይቺ ልጅ ሐቀኛ ናት። ቤቱንም ያዝኩት፣ ባትሪዬን ይዤ ሄድኩ።

«ሙቅ ውሃው ጠዋት ስንት ሰዓት ይደርሳል?» በፀሐይ የሚሞቅ ከሆነ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቀዝቃዛ ነው፤ ማታ ታጠቡ።

«ማታ በር ላይ ማን ነው ያለው?» ስም ከጠሩላችሁ ጥሩ ነው። «ይኖራል፣ ሰው አይጠፋም» ካሏችሁ ሰው የለም።

«ቅዳሜ ማታ ሙዚቃው ስንት ሰዓት ያበቃል? ሰርግ ተይዟል?»

«ክፍሉ ዋናው ሕንፃ ላይ ነው ወይስ ለብቻው ጎጆ ነው?» ይህ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር ነው። ሎጅ ሲባል ሐይቅ ዳር ያለችው የመጨረሻዋ ጎጆ ነች ማስታወቂያው ላይ የምትወጣው። ለጥንዶች ገነት ናት። ብቻውን ላለ ሰው ግን ከምግብ ቤቱ እስከ ጎጆዋ ያለው የጨለማ መንገድ ነው ጉዳዩ። እኔ ዋናው ሕንፃ ላይ፣ ከምድር ቤት ከፍ ያለ፣ ከሪሴፕሽን ያልራቀ ክፍል እመርጣለሁ። ከባሩ በላይ ግን አይሁን። ሐይቁን ጠዋት ሄጄ አየዋለሁ።

«ከመናኸሪያ ሩቅ ነው?» አትበሉ። «ቅርብ ነው» ነው የሚሏችሁ፣ ክፍለ ሀገር ሩቅ የሚባል ነገር የለም። «ከመናኸሪያ እስከ እናንተ ባጃጅ ስንት ያስከፍላል?» በሉ። ዋጋው ርቀቱን ይነግራችኋል። «ባጃጅ እዚህ አይገባም» ካሉም ትልቅ መልስ ነው።

እንደየአገሩ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጨምሩ። ከ2,000 ሜትር ከፍታ በታች ወዳለ ቦታ፣ ለምሳሌ ሀዋሳ ወይም አርባ ምንጭ፣ ከሄዳችሁ አጎበር ስላለው ክፍል ጠይቁ። ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ የሚበረታበት ጊዜ ነው። ደብረ ብርሃን ከሆነ ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ናችሁና ስለ ትንኝ ሳይሆን ስለ ብርድ ልብስ ነው የምትጠይቁት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ «ሁለተኛ ብርድ ልብስ ይኖራል?» ያላለ ሰው ጃኬቱን ለብሶ ያድራል።

አሁን ዋናው ነገር፦ ሁለተኛው ስልክ። የመጀመሪያውን በምሳ ሰዓት ከቢሮ ደውሉ። ሁለተኛውን በዚያው ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ደውሉ። የረሳሁት ነገር ነበር ብላችሁ ቁርስ ስንት ሰዓት እንደሚጀምር ጠይቁ። ስልኩን ማን አነሳው? በስንተኛው ጥሪ? ከኋላው ምን ይሰማል? የትኛውም ፎቶ ይህን ያህል አይነግራችሁም። ማታ 3 ሰዓት ስልክ የማይነሳበት ሆቴል፣ ሌሊት 7 ሰዓት በራችሁ ሲንኳኳም አያነሳም።

5. ዋጋና ክፍያ

የሚያናድደውን ቶሎ ልጨርሰው። ሆቴል ዋጋ የሚያወጣው በክፍል እንጂ በሰው አይደለም፤ ብቻችሁን ብትተኙም የሁለት ሰው ትከፍላላችሁ። ስለዚህ «ለአንድ ሰው ዋጋው ስንት ነው?» በሉ፤ አንዳንዱ ይቀንሳል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከሆነ ደግሞ በድፍረት ጠይቁ።

ዋጋ ሲነገራችሁ «ተጠቃሎ ነው ወይስ ሲደመር አለው?» ማለት አትርሱ። ሎጅና ሪዞርት ብዙ ጊዜ 10 በመቶ ሰርቪስ፣ በድምሩ ላይ ደግሞ 15 በመቶ ቫት ይጨምራል። 2,000 ብር የተባለው አልጋ መጀመሪያ 2,200፣ ከዚያ 2,530 ይሆናል። 530 ብር ለእኔ የመመለሻ ትራንስፖርትና አንድ ምሳ ነው።

ቀብድ ከጠየቁ የአንድ ሌሊት ብቻ ላኩ። በቴሌብርም ሆነ በባንክ ስትልኩ የተቀባዩ ስም ይመጣል፤ የሆቴሉ ነው ወይስ የግለሰብ? የግለሰብ ከሆነ ወደ ሪሴፕሽን መልሳችሁ ደውሉና ጠይቁ። የተላከበትን መልእክት አታጥፉ።

ቁርስ ለሁለት ሰው የተካተተበት ክፍል ከደረሳችሁ አንዱን አትተውት። እኔ «አንዱን ለመንገድ ቋጥሩልኝ» ብዬ ፍርፍር በፌስታል ይዤ ወጥቻለሁ። ረቡዕና አርብ ከሆነ የጾሙን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

6. ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት

መታወቂያ ያዙ፤ የቀበሌም ይሁን ፋይዳ፣ ያለሱ አልጋ አይሰጣችሁም። ኔትወርክ ሊጠፋ ይችላልና የሁለት ቀን ጥሬ ብር ይኑራችሁ። የእጅ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ። የእንጨት ሽብልቅም እይዛለሁ፣ በሩ ሥር የሚወተፍ። እናቴ አይታው ስቃለች፣ እኔ ግን እንቅልፌን የምተኛው በሱ ነው።

ለአንድ ሰው የሆቴሉን ስምና ስልክ ስጡ። ለቤተሰቡ ሁሉ አይደለም፤ አሥር ሰው ካወቀ አሥር ጊዜ ይደወልላችኋል። አንድ፣ የማይደነግጥ ሰው። «2 ሰዓት ላይ ካልደወልኩ ደውዪ፣ ካላነሳሁ ሆቴሉ ጋ ደውዪ» በሏት። 991 ፖሊስ፣ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። የሆቴሉን ስልክ ግን በወረቀትም ጻፉት።

7. ስትደርሱ፦ ሳታዩ አትክፈሉ

መናኸሪያው ላይ «የት ነሽ? አልጋ ልያዝልሽ?» የሚል ይኖራል። የባጃጁም ልጅ «እሱ ሆቴል እኮ ሞልቷል» ሊላችሁ ይችላል። ኮሚሽን ያለው ሌላ ቤት አለ ማለት ነው። «ተይዞልኛል፣ እየጠበቁኝ ነው፣ እዚያው ውሰደኝ» በሉት።

ሪሴፕሽን ላይ መዝገቡ ተዘርግቶ ይጠብቃችኋል፣ ከእናንተ በፊት የገባው ሰው ስምና ክፍል ቁጥር ፊት ለፊት እየታየ። የእናንተንም የሚቀጥለው ሰው ያየዋል። አንድ ሙሉ አዳራሽ እየሰማ «12 ቁጥር፣ ብቻዋን ናት» ብሎ የሚጣራ አስተናጋጅም ገጥሞኛል። ቁልፉን በእጄ ስጡኝ፣ ቁጥሩን አትጥሩት ማለት ይቻላል። «ብቻሽን ነሽ?» ከተባልኩ «እህቴ ነገ ትመጣለች» እላለሁ። እህት የለኝም። ይህን ውሸት እግዜር ይቅር ይለኛል።

አሁን ሻንጣውን ሪሴፕሽን ትታችሁ ክፍሉን እዩ። ሰው የሚጀምረው ከአልጋው ነው፤ እናንተ ከበሩ ጀምሩ። ግቡ፣ ከውስጥ ቆልፉ፣ መቀርቀሪያውን ግፉ። ከዚያ በጣታችሁ ንኩት። አንድ ቤት መቀርቀሪያው አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ ነበር። ብሎኑን በአውራ ጣቴ ጫን ስለው ዞረ። ሁለተኛውም ዞረ። እንጨቱ አንዴ ተሰብሮ ቀዳዳው ሰፍቷል፣ ብሎኖቹ እንዲሁ ተሰክተዋል እንጂ የያዙት ነገር የለም። በሩን በትከሻዬ ትንሽ ብገፋው መቀርቀሪያው ከነብሎኑ እግሬ ሥር ነበር የሚወድቀው። ማን እንደሰበረው፣ ለምን እንደሰበረው አልጠየቅኩም። «ሌላ ክፍል ልይ» ብቻ አልኩ፣ አሳዩኝ።

ቀጥሎ መስኮቱ። ወደ ውጭ ነው ወይስ ሰው ወደሚተላለፍበት በረንዳ? ይዘጋል? መጋረጃው ይገጥማል? ከጎን ክፍል ጋር የሚያገናኝ በር ካለ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠይቁ። እስከዚያው የሻወሩን ሙቅ ውሃ ከፍታችሁ ተዉት፤ እስክትጨርሱ ካልሞቀ አይሞቅም። መጸዳጃውን ልቀቁት። አንሶላውን እስከ እግርጌ ገልጣችሁ እዩ። በመጨረሻ አልጋው ላይ ተቀመጡና ከዚያው ስልክ ደውሉ፤ ኔትወርክ በረንዳ ላይ ብቻ የሚሠራበት ክፍል ብዙ ነው።

ሁለት ነገር ካልሆነ ክፍል ቀይሩ። በሩ ካልሆነ ግን ሁለተኛ ነገር አትጠብቁ። ሁለተኛውም ክፍል በሩ እንደዚያው ከሆነ ቀብዱን ረስታችሁ ውጡ። 10 ሰዓት የደረሳችሁት ለዚህ ነበር።

8. ማታ

እራት 1 ሰዓት ላይ ብሉ፣ ቤተሰብ የሚቀመጥበት ጥግ። ባሩ ሲሞቅ እናንተ ክፍላችሁ ሁኑ። ይህን የምለው ለሴት ብቻ አይደለም፤ ብቻውን የሚጠጣ ወንድ እንግዳም በሦስተኛው ቢራ ላይ ያልፈለገው ወዳጅ ያፈራል።

አንድ ነገር ግን እራት ሳልበላም አልተውም፤ ጥበቃውን ሰላም ማለት። ብዙውን ጊዜ ሸምገል ያለ ሰው ነው፣ ጋቢውን ደርቦ በር ላይ የተቀመጠ። እንግዳው ሁሉ በመኪና ጥሩምባ ነፍቶበት ያልፋል። አንዴ ወደ ወሊሶ ሄጄ፦

«እንደምን አመሹ ጋሼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። የኔ ልጅ፣ ብቻሽን ነሽ እንዴ?»

«ምን ብቻዬን እሆናለሁ፣ እርስዎ አሉ አይደል?»

ሳቁ። የትኛው ክፍል እንደሆንኩ ነገርኳቸው፤ ለእሳቸው ብቻ ነው የነገርኩት። ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ በረንዳው ላይ የሰከረ ሰው ድምፅ ሰማሁ፣ በር እየተሳሳተ ያንኳኳል። እኔ ጋ ሳይደርስ «ወዲያ ነው የአንተ፣ ወዲያ!» የሚል የሽማግሌ ድምፅ መጣ። የዱላ ኮቴም ተከተለ። ተመልሼ ተኛሁ።

ሳትጠብቁ በር ከተንኳኳ አትክፈቱ። «ማን ነው?» በሉ፣ ከዚያ ሪሴፕሽን ደውላችሁ «ሰው ልካችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። በእውነት የሆቴሉ ሠራተኛ ከሆነ መጠበቁ አይከፋውም።

9. ጠዋት

ቁልፉን ከመመለሳችሁ በፊት አንድ ማስታወሻ ጻፉ። እኔ ትንሽ ደብተር አለችኝ፤ በየከተማው አንድ ገጽ። የሆቴሉ ስም፣ የክፍሉ ቁጥር፣ ምን እንደሚሰማ፣ የጥበቃው ስም። የወሊሶዋ ገጽ «14 ቁጥር፣ ግቢውን ያያል፣ መቀርቀሪያው ጠንካራ፣ ሙቅ ውሃ እስከ 3፣ ከማዶ የቤተ ክርስቲያን ማይክ 10 ሰዓት ይጀምራል» ትላለች። በሚቀጥለው ጊዜ ስደውል ማስረዳት አልነበረብኝም።

«አልጋ ይኖራል?»

«ይኖራል። ለስንት ሰው ነው?»

«14 ቁጥርን። ጋሼ ማታ ተረኛ ናቸው?»